አረጋውያንን በቤታቸው መርዳት የማን ሥራ ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



መስከረም 21 ቀን ሲባል ሁላችንም አስቀድማ የምትታወሰን ግሸን ደብረ ከርቤ ናት። ይህ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ላይ ይውላል። ኦክቶበር 1 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት በዓለም ሁሉ የአረጋውያን ቀን ሆኖ ይታሰባል። ሁለቱ በአንድ ቀን መዋላቸው አጋጣሚ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ያነሣብናል። ግማደ መስቀሉ ያረፈበትን ቀን በዝማሬ የምናከብር ልጆች፣ ከመስቀሉ ሥር ስለ አንዲት እናት የተነገረውን አደራ ቆም ብለን አስበነው እናውቃለን?

ነገሩ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ቁጥር 26 እና 27 ተጽፏል። ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ፣ ሕማሙ በጸናበት ሰዓት፣ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር በአደራ ሰጣት፤ ደቀ መዝሙሩም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት። እመቤታችን ለእኛ ሁሉ እናት ሆና መሰጠቷን አባቶቻችን ከዚህ ቃል ያስተምሩናል። ከዚሁ ጋር ልብ የምንለው ሌላም ነገር አለ። ከመስቀሉ ሥር ሌሎች ሴቶችም ቆመው ነበር፤ ጌታችን ግን «ከእናንተ አንዳችሁ እናቴን አስቧት» ብሎ በደፈናው አልተወም። አንዱን ሰው ለይቶ፣ እርሱን እያየ፣ ለእርሱ ሰጠው። አደራው ባለቤት ነበረው። ባለቤት ያለው አደራ ደግሞ «ሌላ ሰው ያደርገዋል» አይባልበትም።

ይህን የምንጽፈው ለማስተማር በቅተን አይደለም። ይህ ነገር ከወደቅን በኋላ የገባን ስለሆነ፣ ሌላው ሳይወድቅ እንዲገባው ብለን ነው።

እኛ ሥራውን የጀመርነው እንደ ብዙዎች በበዓል ጥየቃ ነበር። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ዘይት፣ ፓስታና ሳሙና ገዝተን፣ አሥራ አምስት ሆነን ከደብራችን አጠገብ ወደሚኖሩ አንዲት እናት ቤት እንሄድ ነበር። ስማቸውን አንጽፍም፤ እኛም የምንጠራቸው «እማማ» ብለን ነው። እንዘምራለን፣ ፎቶግራፍ እንነሣለን፣ ተመርቀን እንመለሳለን። በሦስተኛው በዓል እማማ ከሳጥናቸው ላይ የተደረደሩትን ሳሙናዎች አሳዩንና «ልጆቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሳሙናስ ሞልቶኛል፤ የቸገረኝ ውኃው ነው» አሉን።

እማማ ሰማንያውን አልፈዋል። የሚኖሩት በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ውኃ በፈረቃ የሚመጣው ወደ ግቢው ቧንቧ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣውም በሌሊት ነው። ጉልበታቸው ባለመታዘዙ ባለ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ቀርቶ ባለ አምስቱንም ማንሣት አይችሉም። እኛ ግን አንድ ዓመት ሙሉ በዚያች ቤት ስንገባና ስንወጣ ባዶውን ጀሪካን አላየነውም።

ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 1 ቁጥር 27 ንጹሕ አምልኮ ምን እንደሆነ ሲነግረን፣ ወላጅ የሌላቸውን ልጆችና ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች በመከራቸው መጠየቅን ያስቀድማል። በአማርኛችን «መጠየቅ» ሁለት ትርጉም አለው፤ ሄዶ ማየትም ነው፣ ምን እንደሚፈልጉ ቃል አውጥቶ መጠየቅም ነው። እኛ የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ትተን ነበር።

ታዲያ በዚያን ቀን ጠየቅናቸው። ከመካከላችን አንዱ «እማማ፣ እንዲህ ከሚቸገሩ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ቢገቡስ?» አላቸው። እማማ በሩን እያመለከቱ «ባሌን የሸኘሁት በዚህች በር ነው፤ እኔም በዚህችው ልውጣ። ተኝቼም የደብሩ ደወል ይሰማኛል» አሉን።

ወንድሞችና እኅቶች፣ በእርጅና ቤት ማለት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አይደለም። መብራት ቢጠፋ ክብሪቱ የት እንዳለ እጅ ያውቀዋል። ቡና ሲፈላ የምትጠራው ጎረቤት አለች። የንስሐ አባት ጸበል ረጭተው የሚሄዱበት ጓዳ ነው። ከሁሉም በላይ አረጋዊው በቤቱ ባለቤት ነው፤ እንግዳ ይቀበላል፣ ቁልፉም በእጁ ነው። እግር ሲደክምና ዓይን ሲፈዝ ቤቱም ከተወሰደ፣ ሰውየው ሌላ ምን ቀረው? ዳዊት በመዝሙሩ (መዝ. 70፥9) ጉልበቱ ባለቀ ጊዜ እንዳይጣል አምላኩን ሲማጸን፣ የፈራው ሞትን ብቻ እንዳልነበረ እማማን ካወቅን ወዲህ ይሰማናል።

ይህን ስንል መጦሪያ ቤቶችን መንቀፋችን እንዳይመስልባችሁ። እንደ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ያሉት ጎዳና ላይ የወደቀውን፣ ጠያቂና መጠጊያ ያጣውን አንሥተው ያጥባሉ፣ ያጎርሳሉ፤ ዋጋቸውን እግዚአብሔር ይክፈላቸው። ነገር ግን አልጋው ጥቂት፣ ችግረኛው ብዙ ነው። ቤት ያለው፣ አእምሮው የጸና፣ የጎደለው ውኃ የሚቀዳለትና መድኃኒት የሚያመጣለት ሰው ብቻ የሆነ አረጋዊ በቤቱ ቢረዳ፣ እርሱም ይከበራል፣ አልጋውም ምንም ለሌለው ይተርፋል።

«ልጆቻቸውስ?» የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያይቱ መልእክት (5፥4) መጀመሪያ ልጆችና የልጅ ልጆች ለወላጆቻቸው ብድር መመለስን ይማሩ ይላል። ስለዚህ ልጅ ያለውን አረጋዊ ስንረዳ ልጁን ከግዴታው ለማሳረፍ አይደለም። ነገር ግን ዛሬ የስንቱ ልጅ በቅርብ አለ? አንዷ በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት ትሠራለች፤ አንዱ አሜሪካ ነው። ልጆቹ ከላባቸው ቀንሰው ገንዘብ ይልካሉ፤ ገንዘቡ ግን ጀሪካን አያነሣም፣ ሌሊት ሲያማቸው ደጋግፎ አያነሣቸውም። ልጅ ያልወለዱ፣ ልጅም የሞተባቸው አሉ። ጡረታም ቢሆን ለሁሉ አልደረሰም። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 715 የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ አስቀድሞ በግል ድርጅት ሲሠሩ ኖረው ያረጁ ብዙዎች ጡረታ የላቸውም። እንጀራ ጋግራ የሸጠች፣ ጉሊት የተቀመጠች፣ በሰው ቤት ልብስ ያጠበች ሴት ደግሞ ዕድሜዋን ሁሉ ሠርታ የጡረታ ደብተር ሳትይዝ አረጀች። እማማም እንጀራ ሲጋግሩ ነው የኖሩት።

ጎረቤትም እንደ ዱሮው አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለብዙ ሰው ጣሪያ ሆነዋል፤ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የደረሰው አረጋዊ ግን ከቤቱ ሳይወጣ ወር ሊያልፈው ይችላል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ሰዎችም አዲስ ሰፈር ገብተዋል፤ ቤቱ ቢሻልም ቡና የሚጠራራው ጎረቤት በየአቅጣጫው ተበትኗል። እድራችን ለሞት ፈጥኖ ይደርሳል፤ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ባሉት ዓመታት ግን ማን ይድረስ?

እንግዲህ እኛ እንድረስ ተባባልን። ተራ አወጣን። በወረቀት ላይ ሰኞ የትምህርት ክፍል፣ ማክሰኞ የልማት ክፍል፣ ሐሙስ የመዝሙር ክፍል፣ ቅዳሜ የኪነ ጥበብ ክፍል ብለን ጽፈን ከአዳራሹ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ለጥቂት ወራት መልካም ሄደ። እማማም ጀሪካኖቻቸው ሞልተው፣ ነጠላቸው ታጥቦ፣ እሑድ እሑድ ክንዳቸውን ይዘናቸው ቅዳሴ መድረስ ጀመሩ።

ከዚያ ጥምቀት ደረሰ። በዓሉ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው በዋለው ሐሙስ የመዝሙር ክፍል በሙሉ ለከተራ መዝሙር ጥናት አዳራሽ ውስጥ ነበርን። እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት አጠናን። ከመካከላችን እማማን ያሰበ አልጠፋም፤ ነገር ግን ያሰበው ሁሉ «ከእኛ አንዱ ሄዷል» ብሎ ነው ያሰበው። ተራው የመዝሙር ክፍል ነበርና ተራው የማንም አልነበረም።

እማማ እስኪመሽ ጠበቁን። ማድጋው ባዶ ሆነባቸው። በሌሊት የቧንቧው ድምፅ ሲሰማቸው በትንሽ ጆግ ሊቀዱ ወጡ፤ ሲመለሱ ከደጃፋቸው ላይ አዳለጣቸውና ወደቁ። የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ መነሣት አልቻሉም። በጥር ብርድ ከደጃፋቸው ላይ ቆይተው ያገኘቻቸው ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ውኃ ልትቀዳ የወጣች ጎረቤት ናት።

እጃቸው ስድስት ሳምንት በጄሶ ታሰረ። ከእርሳቸው አንድም የወቀሳ ቃል አልሰማንም። የእኅታቸው ልጅ ግን ከገጠር መጥቶ «እናንተን አምኜ ነበር። ለመሆኑ ሐሙስ ዕለት ተራው የማን ነበር?» ሲለን፣ እርስ በርሳችን ተያየን እንጂ የምንጠራው ስም አልነበረንም። ከተራ ዕለት ግን ነጭ ለብሰን ታቦቱን አጅበን ዘምረናል። ዜማው አልተሳሳተብንም።

ከዚያ በኋላ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ከቁጥር 9 እስከ 13 ያለውን አብረን አነበብን። ጌታችን ፈሪሳውያንን የወቀሳቸው ስለ አንድ ልማዳቸው ነበር፤ ሰው ለአባቱና ለእናቱ መርጃ የሚሆነውን «ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው» ካለ በኋላ ወላጆቹን እንዳይረዳ ይፈቅዱለት ነበር። ከዚህ በፊት ይህን ስናነብ ስለ ሌሎች ሰዎች የተጻፈ ይመስለን ነበር። አሁን ግን የእኛን ቁርባን አየነው። የእኛ ቁርባን የመዝሙር ጥናታችን ነበር። መዝሙር ቅዱስ ነገር ነው፤ ቅዱስ በመሆኑም ለመሸሸጊያ ይመቻል። «ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ነው የቀረነው» ስንል ማን ይከራከረናል? ጌታችን ግን በዚያ ምዕራፍ ተከራክሮበታል። ለእግዚአብሔር ሰጠሁ ብሎ ከአረጋዊ የነጠቀውን እግዚአብሔር እንደ ስጦታ አይቆጥርለትም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ያለውንም አብረን አየን። በኢየሩሳሌም የነበሩት ባልቴቶች በዕለት ዕለት አገልግሎት ተረስተው ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ፣ ሐዋርያት «ሁላችሁም ደጎች ሁኑ» ብለው ምክር ሰጥተው ብቻ አልተበተኑም። ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። መጽሐፉም የሰባቱንም ስም አንድ በአንድ ይጽፋል። ጥቅምት 17 ቀን ሹመቱን የምናከብርለት ሊቀ ዲያቆናት ቅዱስ እስጢፋኖስ ከእነዚያ የመጀመሪያው ነው። የእስጢፋኖስን ሰማዕትነትና የስብከቱን ኃይል ሁልጊዜ እንሰማለን፤ መጀመሪያ የተሾመው ግን የተረሱ አሮጊቶች እንዳይራቡ ነበር።

የእኅታቸው ልጅ እማማን ወደ ገጠር ሊወስዳቸው ወስኖ ነበር። እማማ አልሄድም አሉ። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማማ፤ የእያንዳንዱን ቀን ሰው ስምና ስልክ ጽፈን ለእርሱም፣ ለጎረቤቲቱም እንድንሰጥ። የተራ ወረቀታችን በሰው ስም የተጻፈው ያን ጊዜ ነው። ዛሬ ሃያ አራት ሆነን ሦስት ቤቶችን እንረዳለን። ለእያንዳንዱ ቤት በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰው፣ ሁለት ሁለት ሰዓት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? የአንድ ሰው ድርሻ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

ሌሎች ሰንበት ትምህርት ቤቶችም ቢጀምሩት ይጠቅማቸው እንደሆነ የተማርነውን እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ ብቻ አይኬድም። ሁልጊዜ ሁለት ሆነን ነው። ይህ ለአረጋዊውም ለእኛም መታመኛ ነው። ገንዘብ ከተቀበልን የተገዛውና የተመለሰው በደብተር ይጻፋል።

ሁለተኛ፣ መቅረት ያለ ነው፤ ሳይነግሩ መቅረት ግን የለም። የቀረ ሰው ምትኩን ራሱ ይፈልጋል፤ ምትኩም «ደርሻለሁ» ብሎ እስኪደውል ኃላፊነቱ ከእርሱ ላይ አይወርድም።

ሦስተኛ፣ ቤቱን በአረጋዊው ዓይን ማየት ነው። የሚያደናቅፍ ምንጣፍ ይነሣል፤ የተቃጠለ አምፖል ይቀየራል፤ ከራስጌ የእጅ ባትሪ ይቀመጣል፤ ወደ መጸዳጃ በሚወስደው መንገድ የሚይዙት ነገር ይበጃል። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የእማማ ደጃፍ የሚያዳልጥ መሆኑን ከመውደቃቸው በፊት ማየት እንችል ነበር።

አራተኛ፣ መድኃኒት የእኛ ሥልጣን አይደለም። የግፊትም ሆነ የስኳር መድኃኒት ሐኪም ባዘዘው ሰዓት መወሰዱን በትልልቅ ፊደል ጽፈን ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን፤ ሳያልቅ እናስሞላለን፤ ከራሳችን ግን አንጨምርም፣ አንቀንስም። ጸበል ስለጠጡም መድኃኒቱን ይተዉ አንልም። ፊታቸው በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው አልነሣ ካለ፣ ወይም አንደበታቸው በድንገት ከተሳሰረ «ትንሽ ይረፉ» አይባልም፤ ያንጊዜውኑ ሐኪም ቤት መድረስ አለባቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

አምስተኛ፣ የቤታቸው ነገር ከቤታቸው አይወጣም። ፎቶግራፍ ማንሣት አቁመናል።

ስድስተኛ፣ ከእነርሱም እንቀበላለን። በአራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ አባት አሉን፤ ዕድሜያቸውን በማተሚያ ቤት ፊደል በመልቀም ያሳለፉ ናቸው። መጀመሪያ ስንሄድ «እኔ ለማኝ አይደለሁም» ብለው በር ዘጉብን። አልተቀየምናቸውም፤ የእርሳቸውን ሙያ ሳንጠይቅ ዳቦ ይዘን መሄዳችን ነበር ስሕተቱ። በሌላ ቀን የዚህችን መጽሔት ጽሑፍ ይዘን «አባባ፣ ያርሙልን» ብለን ሄድን። በሩ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ እኛ ውኃ ወደ ላይ ስናወጣ እርሳቸው የትኛው ሠ፣ የትኛውም ኀ እንደሚገባ በቀይ እስክሪብቶ ያርሙልናል። ይህችንም ጽሑፍ አይተዋታል። በሽበታም ፊት መነሣት (ዘሌ. 19፥32) ማለት ወንበር መልቀቅ ብቻ ሳይሆን ከአረጋዊው የምንማረው እንዳለ ማመንም እንደሆነ ያወቅነው ከእርሳቸው ነው።

ምናልባት ከእናንተ መካከል «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ተጽፏል። ይህን መጠየቅም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሕጉ እስኪፈጸም ድረስ የዛሬ ማታው ውኃ መቀዳት አለበት። ሌላው ደግሞ «ተማሪ ነኝ፣ ምንም የለኝም» ይላል። እኛም ተማሪዎች ነን፤ ገንዘብ የለንም። ያለን ጉልበትና በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው። እማማ ያጡትም ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ጨምረን እንፈጽም። የእማማ እጅ ድኗል፤ አንጓው ግን ትንሽ ጠምሟል፣ ጣታቸውም እንደ ዱሮው አይጨብጥም። በተገናኘን ቁጥር በዚያ እጃቸው ነው የሚመርቁን። ይቅር እንዳሉን እናውቃለን፤ የጠመመው አንጓ ግን እንዳንረሳ ይጠብቀናል።

በመጪው ሐምሌ ከሃያ አራታችን አራቱ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀን ለሥራ ወደየክፍለ ሀገሩ እንሄዳለን። ሁለቱ የእማማ ሐሙስ ናቸው፤ ሁለቱ የአባባ ቅዳሜ። የቅዳሜው ቦታ በሁለት እኅቶች ተሞልቷል። በአዳራሹ በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ከሐምሌ ወዲህ ያለው ሐሙስ ግን እስከ ዛሬ ባዶ ነው። «የመዝሙር ክፍል» ብለን አንሞላውም። የሚጻፍበት የሰው ስም ነው። እስክሪብቶው ከወረቀቱ አጠገብ በክር ታስሯል።

የአረጋውያንን ጉልበት የሚያጸና፣ የእኛንም ልብ የሚያነቃ አምላክ ለሁላችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።